አኮርዲዮኑ አምባሰልን የተማረበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ደጃፍ ላይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ መስመር ያለው ሽርጥ ተሰቅሎ አየሁ። የረፋዱ ፀሐይ ከበስተኋላው ስለነበር ቀለሙ ጨርቁን አልፎ መሬት ላይ ተኝቷል። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆሜ ጠርዙን በሁለት ጣቴ ዳሰስኩት። ገና ውኃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ አለው። ነጋዴው «ለራስህ ነው ወይስ ለሰው?» አለኝ። «እያየሁ ነው» አልኩት። ግን እያየሁ አልነበረም፤ እየሰማሁ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ አንድ ፒያኖ ጀምሮ ነበር።

ልንገርህ። እንዲህ ያለ ሽርጥ ቤታቸው ውስጥ የሚለብሱ አንድ የበርማ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ አውቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰው ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ሬዲዮ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ክራሩንም እንደዚያው። ቅዳሜና እሑድ ሱቄን ዘግቼ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከደሴ ጉም ውስጥ ሹራብ ለብሰህ ትነሳና ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡ ክንድህ ላይ ነው። እዚያ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ኪነት ውስጥ ክራር እጫወት ነበር። ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ክራር የሚችል ሰው ስላጡ ነው የወሰዱኝ።

አኮርዲዮን የሚጫወተው የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። ሰኞ ገበያ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ በኋላ እሱ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ገባ። እሱ ሲስቅ ክፍሉ ሁሉ አብሮ ይስቃል። እኔ ስስቅ ሰዎች «ምነው? ምን ሆንክ?» ይሉኛል። ይህ ልዩነት ከሕፃንነታችን ጀምሮ የነበረ ስለሆነ ሁለታችንም ለምደነዋል፤ ቢያንስ እሱ ለምዶታል።

ዝግጅታችን ሁለት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ የሰልፍና የአብዮት ዜማ፤ ይሄ የአኮርዲዮኑ ነው። ዘፋኟ፣ ከፈትል ክፍል የመጣች ልጅ፣ እሱ አጠገብ ቆማ ትዘፍናለች። ቀጥሎ የባህል ክፍል ይመጣል። ያኔ አኮርዲዮኑ ወናፉን አጥፎ ጥግ ይቀመጣል፤ እኔ ክራሬን ይዤ ወደፊት እወጣለሁ፤ ዘፋኟም ዱካ ስባ እኔ አጠገብ ትቀመጣለች። አምባሰል ስትጀምር ድምፁን ከክራሬ ለመውሰድ ጆሮዋን ወደ ጅማቶቹ ታስጠጋ ነበር። የፀጉሯ ቅባት ሽታ ይደርሰኛል። በሳምንት ውስጥ የኔ የምለው ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ማንም እንዳይነካብኝ የምፈልገውም እሱን ነበር።

አኮርዲዮኑ ወደዚያ ጊዜ መግባት አይችልም ነበር። ስላልፈለገ አይደለም። አምባሰል የሚፈልጋቸው አንዳንድ ድምፆች በአኮርዲዮኑ ቁልፎች መካከል ነው የሚወድቁት፤ አንዱ ቁልፍ ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ልምምድ ላይ ሊያጅበን ሞከረ። ዘፋኟ መሐል ላይ አቆመችና፣

«አቦ ተወው! ጥርሴን አፋጨኸው» አለችው።

እሱ ሳቀ። እኔ ምንም ያልጎደለውን ጅማት ለማጥበቅ አቀረቀርኩ፤ ፊቴን እንዳያዩት ነበር።

በርማዊውን ያወቅኋቸው በዚያው በጋ ነው። የፋብሪካው ማሽኖች ሲተከሉ ከውጭ ከተላኩት ባለሙያዎች አንዱ መሐንዲስ ነበሩ። ካሴት የሚበላ ቴፕ ይዘው ፒያሳ ድረስ መጡ። አማርኛቸው «ጤና ይስጥልኝ» እና «እሺ» ነበር፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሬዲዮ መጽሐፍ ላይ የለቀምኩት። እንደምንም ተግባባን። ቴፑን ስፈታው የሚያዞረው ጎማ ለስልሶ ተለጥጧል። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በጥንቃቄ ቆርጬ ሌላ ሠራሁለት። ፍጥነቱ መስተካከሉን ለማወቅ መስማት ነበረብኝና ውስጡ የቀረውን ካሴት ከፈትኩት።

መጀመሪያ የመጣው በገና የሚመስል ነገር ነው። እንደ ጀልባ የጎበጠ፣ ረጅም አንገት ያለው መሣሪያ መሆኑን በኋላ ሥዕሉን አሳይተውኛል። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቃጭል ጥርት ብላ ትመታለች፤ እሷን ተከትሎ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጧ ይላል። ዜማው ቸኩሎ አይሄድም። አንድ ድምፅ ላይ ይደርስና ከዚያ ለመውረድ እንደሚያመነታ ሰው ይቆማል። እንዲህ ያለ ማመንታት የወሎ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬን አቁሜ ሰማሁ። ልብስ ሰፊው በግድግዳው በኩል «ምንድን ነው እሱ? የየት አገር ነው?» ብሎ ጮኸ። «ቴፑ ገና አልተስተካከለም» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ እንዲሰማብኝ አልፈለግሁም።

ካሴቱን ገለበጥኩት። በጀርባው የነበረውም ያው ዓይነት ዜማ ነው፣ ግን መሣሪያው ሌላ ነው። ፒያኖ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በሬዲዮ የማውቀው የአውሮፓ ፒያኖ ላይ አንዱ እጅ ዜማውን ይዞ ሌላው ያጅበዋል። እዚህ ግን ሁለቱ እጆች አንድ ዜማ ነበር የሚቀባበሉት፤ ቀኙ ይጀምርና ግራው ይጨርሳል፣ እንደገና ግራው ይጥልና ቀኙ ያነሳል። ያቺ ቃጭል ከሥር አልተለየችውም።

መሐንዲሱ ቴፑን ሊወስዱ ሲመጡ በምልክትና በዚያችው እንግሊዝኛዬ ጠየቅኋቸው። ፒያኖ ወደ አገራቸው ሲመጣ የነሱ ሙዚቀኞች አጨዋወቱን የሚያሳያቸው ሰው አላገኙም አሉኝ። ስለዚህ በበገናቸውና በከበሮአቸው የሚያውቁትን ዜማ ቁልፎቹ ውስጥ ፈለጉት። ቫዮሊኑንም፣ ጊታሩንም እንደዚያው አደረጉት። ያን ቀን ቀናሁ። በሰው አይደለም፤ በማላውቀው አገር ቀናሁ። እኛ አገር አኮርዲዮን ሲመጣ የኛ ዜማ ነው ተነስቶ ወንበር የሚለቅለት።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከልምምድ በፊት ቤታቸው እሄድ ነበር። ሽርጣቸውን ለብሰው፣ ስኳር የሌለው ሻይ ቀድተው፣ በረንዳው ላይ ቴፑን ይከፍታሉ። ብዙ አናወራም። ወንድማቸው ሲኒማ ቤት ውስጥ ፒያኖ ይጫወት እንደነበር አንድ ቀን ነገሩኝ። ሙቀቱ፣ የቦርከና ወንዝ እርጥበት፣ ያ ቃጭል... የኔ ብቻ የሆነ ነገር ማግኘት ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየሁት።

ታዲያ ለምን ጓደኛዬን ይዤው ሄድኩ? እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የያዘው ነገር መያዙን ሌላ ሰው ካላየለት አይጥመውም መሰለኝ። እንዲቀናብኝ ፈልጌ ነበር።

እሱ ግን መቅናት አያውቅም። በሩ ላይ ሰላም ብሎ ገባና የመሐንዲሱን ሽርጥ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ።

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ የባቲ ሰው ነው! ከበርማ ነው ያልከኝ?»

ከዚያም ከቤቱ ለብሶት የመጣውን የራሱን ሽርጥ ያዘና አስተሳሰሩን አሳያቸው። የእኛ ሰው ጠርዙን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ያስገባዋል፤ እሳቸው ግን ፊት ለፊት ቋጥረው ይሰክታሉ። እየፈቱ እያሰሩ ሳሎኑ መሐል ሁለቱ እንደ ልጅ ሲሳሳቁ እኔ በሱሪዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ስንት እሑድ ተመላልሼ መሐንዲሱን እንደዚያ አስቄ አላውቅም። አሁን ሁለቱም በሌሉበት ሳስበው ያንን ሳቅ ደግሜ ብሰማው ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ሻዬ ውስጥ አፍጥጬ ነበር።

በገናው ሲሰማ ጓደኛዬ ጣራ ጣራውን ያያል። ፒያኖው ሲመጣ ከወንበሩ ተነሳ። እስኪያልቅ ድረስ እንደቆመ ነበር። ከዚያ ዞሮ በኔ በኩል ጠየቃቸው፦

«ፒያኖው እንደመጣ ነው የተጫወቱበት ወይስ ድምፁን ቀይረውታል?»

መሐንዲሱ ጣታቸውን ጠምዘዝ አደረጉ። አንዳንዶች ጅማቱን እያላሉ፣ እያጠበቁ፣ ከራሳቸው ድምፅ ጋር ያስማሙት ነበር አሉ። ጓደኛዬ ወደኔ ዞረ። ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚለኝ አወቅሁ።

ግቢውን እንደወጣን አለኝ። «ሞረድ አለህ። ጆሮ አለህ። አኮርዲዮኑን ክፈትልኝ።»

«የኪነቱ ንብረት ነው። ቢበላሽ አንተ ነህ የምትጠየቀው» አልኩት።

«አብሽር። እኔ ልጠየቅ።»

«ሰልፉንስ በምን ትጫወታለህ? አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።»

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። መልሱን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ለሱ ብዬ ሳይሆን የአንድ ችግር መፍቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ከመጣ መያዝ ስለማልችል ነው። አኮርዲዮኑ ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ረድፍ የብረት ምላስ አለው፤ ከላይ ያለችው መቀያየሪያ የትኛው ረድፍ እንደሚጮህ ትመርጣለች። አንዱን ረድፍ ሳይነካ ለሰልፍ መተው፣ ሌላውን በክራር ማስማማት ይቻላል። ይህንን አስፋልት ዳር ቆሜ ነገርኩት። አቅፎ አነሳኝ።

በሳምንቱ አኮርዲዮኑን ደሴ አመጣው። ብቻውን አልመጣም። ዘፋኟን ይዟት መጣ፣ «ድምፁን እሷ ትለይልን» ብሎ። ወደ ሱቄ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጣችውም ለአኮርዲዮኑ ነው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ሆድ ዕቃቸው የወጣ ሬዲዮኖች አየችና፣

«አንተ ዝምተኛ፣ እነዚህ ሁሉ አንተን አይተው ነው ዝም ያሉት?» አለችኝ። ቀልዱ የሱ ዓይነት ነበር። ከማን እንደለመደችው አሰብኩ።

አኮርዲዮን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ የሚቀበልህ የሰምና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነው። ምላሶቹ በሰም ተጣብቀው፣ ትንንሽ የቆዳ ክዳን ለብሰው ተሰልፈዋል። ምላሱን ከጫፉ ከፋቅኸው ድምፁ ይወጣል፤ ከሥሩ ከፋቅኸው ይወርዳል። ወናፉ ሲሳብ የሚጮኸውና ሲገፋ የሚጮኸው ምላስ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን ማስማማት አለብህ። ክራሬን አምባሰል ላይ አስተካክዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እኔ እፍቃለሁ፤ እሱ ወናፉን ገጥሞ ይስባል፤ እሷ ድምፁን በጉሮሮዋ ይዛ «ገና ነው... ገና ነው...» ትላለች። ከመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ የብረቱ ብናኝ ሲበር ይታያል።

ዋናው፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገው ድምፅ ላይ ስደርስ እጄ ከበደ። አንድ ጊዜ ሞረዱን ጨምሬ ብስበው ምላሱ ይሳሳና ይሞታል። የሚያውቅብኝ የለም፤ «ብረቱ አርጅቷል» ብል ሁለቱም ያምኑኛል። የኔ ጊዜ የኔ እንደሆነ ይቀራል። ቀና ስል ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጆሮዋ ወደ አኮርዲዮኑ ዘንበል ብሏል፤ ልክ ወደ ክራሬ ዘንበል እንደሚል። ሞረዱን ሳብኩት። ድምፁ ቦታው ላይ ሲቀመጥ እጄ አቆመ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይመስለኝም። ልክ የሆነን ነገር አልፌ መሄድ አልችልም፤ ይሄ ደግነት ሳይሆን አመል ነው።

«እሱ ነው!» አለች፣ ዓይኗን ገልጣ። ያየችው እሱን ነበር።

የሠራተኞች ቀን በዓል በፋብሪካው አዳራሽ ተከበረ። ከፊት ወንበር ከደሴ የመጡት ሹም፣ የፋብሪካው ኃላፊዎችና ባለሙያዎቹ ተቀምጠዋል፤ መሐንዲሱም ከረባት አስረው ከዳር አሉ። ጓደኛዬ ሳምንቱን በሙሉ ከዘፋኟ ጋር አምባሰል ሲለማመድ ነው የከረመው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ግን በሰልፍ ዜማ ነው። መድረክ ላይ ወጣ፣ ወናፉን ከፈተ፣ መቀያየሪያዋን መመለስ ረሳ።

ዜማው ወጣ። ያው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው የሰልፍ ዜማ ነው፤ ግን ወደፊት መራመድ ትቶ ቆም ቆም እያለ ዞሮ ያያል። ጓደኛዬ ፊቱ ነጣ፣ ግን ማቆም አይችልም። ዘፋኟ አንድ ጊዜ አየችውና ድምፁን ተከትላ ገባች፤ ስለ ማምረትና ስለ ድል የሚያወራውን ግጥም በአምባሰል አለቀሰችበት። አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ፣ ከፈትል ክፍል ሴቶች መሐል አንዷ እልል አለች። ትከሻዎች በእስክስታ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። በትእዛዝ ብቻ ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው ሳይታዘዝ አጨበጨበ።

ሲያልቅ ሹሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ጭብጨባው ተቋረጠ።

«መሣሪያውን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

ክራሬን እንደያዝኩ ከመጋረጃው ጎን ነበርኩ። ሊያሳስሩን ይችሉ ነበር፤ በዚያን ዘመን ከዚህ ባነሰም ሰው ታስሯል። ጓደኛዬ ወደኔ ዞር ሳይል መለሰ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሹሙ ሳቁ። «የወሎ ልጅ! አንተን ነው አዲስ አበባ የሚያስፈልጋቸው» አሉ።

በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተሰማኝን ልንገርህ። መጀመሪያ ጥፋቱን ስለኔ ሲሸከም አየሁ፤ ሊያድነኝ ነው የዋሸው። ከዚያ ጥፋቱ ሽልማት ሆነ፤ እሱም እዚያው እጁ ላይ ቀረ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ልክ የሆነው ሥራ የሱን ስም ይዞ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ልከራከርበት አልችልም፣ ምክንያቱም ያዳነኝ እሱ ነው። መሐንዲሱ ብቻ ከዳር ሆነው እኔን እያዩ ነበር። ወደ ጣቶቼ ተመለከቱና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

የባህሉ ክፍል በዚያን ቀን የተጀመረው በአኮርዲዮን ነው። እኔም ተጫወትኩ። ድምፃችን ፍጹም ተስማማ፤ እስኪያስጠላኝ ድረስ ተስማማ። ዘፋኟ ድምፅ ስትፈልግ ወዴት ዘንበል እንደምትል አየሁ።

መሐንዲሱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሁለት ካሴት ቀድተው መጡ። «ለሁለታችሁ» አሉ። እኔም አላስችል ብሎኝ «ዋናው የትኛው ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ዋናው ከኔ ጋር ይሄዳል። ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉኝ።

ጓደኛዬና ዘፋኟ ከነአኮርዲዮኑ አዲስ አበባ ወዳለው ትልቅ የኪነት ቡድን ተወሰዱ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ጠዋት ጓደኛዬ ሱቄ መጣ። ፒያሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ መኪኖች መብራት አብርተው ያልፋሉ። አልተቀመጠም።

«አንድ ቃል በለኝ፣ አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «ወላሂ እነግራቸዋለሁ። አብረን እንሄዳለን።»

«ሁለት ሰው ዋሽቷል ይሉናል። ሂድ።»

«ተቀይመኸኛል።»

«አልተቀየምኩህም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ፊቱ ላይ የነበረው አለማወቅ እውነተኛ ነበር። ሰው በጓደኛው ሊቀና እንደሚችል አስቦ አያውቅም። ብነግረው እንኳ «በኔ? ምኔን ብለህ?» ብሎ የሚስቅ ይመስለኛል። «ብርዱ ነው» አልኩት። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ጉሙ ውስጥ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡድናቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦሩ ተላከ። ከሁለቱ የተመለሰችው ዘፋኟ ብቻ ናት።

ከመላኩ በፊት ግን አንድ ቀን ሰማሁት። ከሰዓት በኋላ ነው። የአንድ መምህር ሬዲዮ ጠግኜ ጣቢያ እየፈለግሁ ሳለ አኮርዲዮን መጣ፤ አምባሰል ነበር። አስተዋዋቂው ምንም ከመናገሩ በፊት የማን እንደሆነ አወቅሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ያው የለመድኩት ቅናት ነው። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ዜማው እዚያ ድምፅ ላይ ደረሰ፣ ሞረዱን ስስብ እጄ የከበደበት ላይ። ትንሽ ወርዷል። ሰው የሚያውቀው አይደለም፤ ከፀጉር ያነሰ ነው። የአዲስ አበባው አየር ይሁን የመንገዱ መንገጫገጭ፣ ምላሱ ደክሟል። ጓደኛዬም ሰምቶታል፤ እዚያ ድምፅ ላይ ሲደርስ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል፣ የሚያነክስ እግር ላይ ላለመቆም እንደሚጣደፍ ሰው።

ከጫፉ አንድ ጊዜ ብቻ ቢፋቅ ይመለስ ነበር። ሬዲዮውን ሳልዘጋው ቀረሁ። እዚያ ማን ያስተካክልለት ይሆን እያልኩ፣ ዜማው ወደዚያ ድምፅ የሚመለስበትን ሁሉ እየጠበቅሁ፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰማሁት።